ከእንጨቱ በፊት ማጣበቂያው

ግንደወይንን በመሰሉ የምሥራቅ ጎጃም አካባቢዎች ባሕር ዛፍ የገበሬው ተቀማጭ ሀብት ነው። ግንዱ ለአጣናና ለቋሚ ይሸጣል፤ ቅርንጫፉ ይማገዳል። እንጨቱን ወደ ቺፕውድ በመለወጥ እሴት መጨመር ይገባል የሚለው ሐሳብም ተገቢ ነው፤ የማይጨው ፋብሪካ ባሕር ዛፍን በጥሬ ዕቃነት መጠቀሙ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ይሁን እንጂ ክርክሩ በእንጨቱ ላይ ብቻ ሲያተኩር ዋናው ጉዳይ፣ ማጣበቂያው፣ ይዘነጋል።

ቺፕውድ ሲመረት እንጨቱ ወደ ደቃቅ ስንጣሪ ተከትፎ እርጥበቱ 3 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ይደርቃል። ከዚያም ማጣበቂያ ተረጭቶበት፣ ሻካራው በመካከል፣ ደቃቁ በላይና በታች ተነጥፎ፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይጨመቃል። በብዛት የሚሠራበት ማጣበቂያ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ቺፕውድ 650 ኪሎ ግራም ቢመዝንና የማጣበቂያው ድርሻ 8 በመቶ ቢሆን፣ 50 ኪሎ ግራም ያህል ማጣበቂያ ይጠይቃል፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው ከዩሪያ የሚገኝ ነው። ዩሪያ ደግሞ አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ የምታስገባው፣ ገበሬውም በየክረምቱ በጉጉት የሚጠብቀው ማዳበሪያ ነው። እንግዲህ እንጨቱ የአገር ውስጥ ቢሆንም ቺፕውዱ ከውጭ ጥገኝነት አይወጣም፤ ከእርሻውም ጋር ይሻማል።

ጉድለቱ በዚህ አያበቃም። በዚህ ማጣበቂያ የተሠራ ቺፕውድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ የሚተነው ፎርማልዴሃይድም በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል።

አማራጭ የሚሆን ጥሬ ዕቃ በዚያው በጎጃም አለ። የአዊ ገበሬዎች በዋናነት ለከሰል የሚተክሉት ዲከረንስ በቅርፊቱ ታኒን ይዟል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የጥቁር ዋትል ታኒን በደቡብ አፍሪካ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቺፕውድ ማጣበቂያነት በኢንዱስትሪ ደረጃ ውሏል፤ እርጥበትንም ከዩሪያ ፎርማልዴሃይድ በተሻለ ይቋቋማል። እርግጥ ነው፣ ታኒን ወፍራምና ቶሎ የሚጠነክር በመሆኑ ለአረጫጨት ያስቸግራል፤ ጥቂት ማጠንከሪያም ይሻል። ነገር ግን እነዚህ በምርምር ሊፈቱ የሚችሉ ችግሮች ናቸው።

ስለዚህ ፋብሪካ ከመታሰቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፦ የዲከረንስ ቅርፊት የታኒን መጠን በየዕድሜው ምን ያህል ነው? ከባሕር ዛፍ ስንጣሪ ጋር የሚሰጠው የመያያዝ ጥንካሬስ? ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ውፍረቱ ስንት በመቶ ይጨምራል? ሦስቱም በአንድ የማስተርስ ጥናት ሊያዙ የሚችሉ ናቸው። መልሳቸው ሳይታወቅ የሚተከል ፋብሪካ የግንደወይንን ገበሬ ከአጣና ሻጭነት ወደ ስንጣሪ ሻጭነት ከማሸጋገር አያልፍም።