ከመጭመቂያው በፊት መጠለያው
ስለ ቡና ገለፈት ማገዶ ያለን አሳብ

በጅማም ሆነ በሲዳማ ጀንፈል ቡና የሚቀሸርበትን ግቢ ያየ ሁሉ ከመቀሸሪያው ጀርባ የሚከመረውን ገለፈት ያውቀዋል። ከ100 ኪሎ ጀንፈል ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይወጣል። ይህም ክምር ዝናብ ሲመታው ይሻግታል፤ አለዚያም እሳት ይለቀቅበትና ለቀናት ሲጤስ ሰንብቶ ያልቃል። ከግቢው አጥር ውጭ ግን ሴቶች ከሩቅ የለቀሙትን እንጨት ተሸክመው ያልፋሉ።

ገለፈቱን ፈጭቶ በብርቱ ኃይል በባለ ቀዳዳ ብረት ውስጥ በማሳለፍ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፔሌት የተባለ ማገዶ መሥራት ይቻላል። በጭመቃው የሚፈጠረው ሙቀት በገለፈቱ ውስጥ ያለውን ሊግኒን ስለሚያለሰልሰው ሌላ ማጣበቂያ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ስለዚህ ማኅበራት ይህን ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ መጭመቂያው ዋጋ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ መሠራት ያለበት የቆርቆሮ መጠለያ ነው እንላለን።

ምክንያታችን እርጥበት ነው። ለጭመቃ የሚስማማው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ እጅግ የረጠበ ከሆነ በእንፋሎቱ ይፈረካከሳል፤ እጅግ የደረቀ ከሆነ አይያያዝም። ጀንፈል ደግሞ ከመቀሸሩ በፊት በደንብ ከደረቀ ገለፈቱ ከመቀሸሪያው የሚወጣው ለጭመቃ በሚስማማው እርጥበት ላይ እንዳለ ነው። ገበሬው በፀሐይ ያደረቀውን እኛ ዝናብ ላይ ጥለን እንደገና በነዳጅ ለማድረቅ መነሣታችን ምን ይባላል?

ማኅበራት ጭድንም እንዲጨምቁ የሚመክሩ አሉ፤ በዚህ አንስማማም። የጤፍ ጭድ የበሬ ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ቤት ይመረግበታል። የማሽላ አገዳም ቢሆን ለከብትና ለአጥር ይውላል። ኩበት በመማገዳችን መሬታችን የደረሰበት ጉዳት ይበቃል። ለጭመቃ የሚሆነው በአንድ ቦታ ተከማችቶ ፈላጊ ያጣ ተረፈ ምርት ብቻ ነው፤ የቡና ገለፈት፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ሰጋቱራና የመሳሰሉት። በፎገራ የሩዝ ገለፈትም ተከማችቶ ይገኛል፤ ሆኖም አመዱ ብዙ፣ በውስጡም ያለው ሲሊካ ሸካራ ስለሆነ የመጭመቂያውን ብረት ቶሎ ይበላዋል።

የቡና ገለፈትም ቢሆን ሁሉ ወደ እሳት ይግባ አንልም። በውስጡ ያለው ፖታሲየም የቡናው መሬት የሚፈልገው ነው። እርሻው ቅርብ፣ ማገዶውም የማይቸግር ከሆነ ኮምፖስት ይሻላል፤ ይህን አመዛዝኖ መምከር የልማት ሠራተኛው ሥራ ነው።

የምድጃውም ነገር አለ። ፔሌት ከሦስት ጉልቻ ሥር ቢጨመር በቂ አየር ስለማያገኝ ይጤሳል እንጂ በወጉ አይነድም። አየር ከሥር የሚያስገባ ባለ ወንፊት ምድጃ ያስፈልገዋል። በፖታሲየሙም ምክንያት አመዱ በኃይለኛ ሙቀት ቀልጦ ስለሚጋገር ወንፊቱ በየጊዜው መጠረግ አለበት። እንግዲህ ማኅበሩ መጭመቂያ ከመግዛቱ በፊት በከተማው ያሉ ምግብ ቤቶችና ዳቦ ጋጋሪዎች እንዲህ ያለ ምድጃ ለመያዝ ፈቃደኛ መሆናቸውን ሄዶ ይጠይቅ። ከእነርሱ የሚሰበሰበው አመድም በጆንያ ተመልሶ ለቡናው ይበተን።