«ብርድ ነው» የሚሉት ፍርድ

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል፣ አንዲት እናት ጉልበቷን ይዛ ገና «እህ» ስትል ጎረቤት መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ «አብሽሪ፣ ብርድ ነው»። «አብሽሪ» የወሎ ሰው ለታመመ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ነውና አልነካውም። ጠቤ ከሁለተኛው ቃል ጋር ነው። ብርድ ከተባለ በኋላ ጥያቄ የለም። የቱ ጋ ነው? ጠዋት ነው ማታ የሚብስብሽ? ያብጣል ወይ? የሚል አይገኝም። ዝንጅብል ይፈላል፣ ጉልበት በቅባት ይታሻል፣ ዋግምት ይታሰባል፣ ዓመቱም ያልፋል።

ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ በክረምት ጠዋት ጉልበቱ የገተረው ሁሉ ያውቀዋል። በሽታውን ግን አይፈጥረውም። ቢፈጥረው ኖሮ ከሐይቅ ወደ ባቲ ቆላ የወረደ ሁሉ በዳነ፣ አፋር በረሃ ውስጥም ቁርጥማት የሚባል ነገር ባልተሰማ ነበር።

በአምባሰል ዳገት እንጨትና ውሃ ስትሸከም የኖረች ሴት፣ በጉልበቷ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን ስለሳሳ ይሆናል የምትታመመው፤ ስትሠራ ይብስባታል፣ ስታርፍ ይቀላታል። የ35 ዓመቷ ጎረቤቷ ሕመም ሌላ ነው። የሁለቱም እጆቿ ጣቶች አብጠዋል፤ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ እጇ አልታዘዝ ብሏት ሊጥ ማቡካት አቅቷታል። ይህ ሩማቶይድ ሊሆን ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በጊዜ ከተደረሰባት እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ፣ በሐኪም ክትትል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ጣቶቿን ሊያተርፍላት ይችላል። ብርድ ተብላ ዓመታት ከቆየች ይጣመማሉ፤ የተጣመመውን መድኃኒት አያቀናውም። ጥሬ ወተት የሚጠጣው ከብት አርቢ ደግሞ ማታ ማታ እያላበው ወገቡን ቢያመው፣ ብሩሴሎሲስ መሆን አለመሆኑ በደም ምርመራ ሊጣራለት ይገባል። «ሪህ» የሚለው ስምም እንዲሁ ለሁሉም ይለጠፋል፤ ዩሪክ አሲዱ ሳይለካ ሥጋና ምስር የተከለከለ ስንት ሰው አለ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ጉሮሮዋን ታማ የነበረች የ10 ዓመት ልጅ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ጉልበቴን፣ በማግስቱ ቁርጭምጭሚቴን፣ ቀጥሎ ክርኔን ብትል «ብርዱ እየዞረባት ነው» ትባላለች። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ይለቃታል፤ ሰፈሩም ያለው የደረሰ ይመስለዋል። ይህ ግን የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ መገጣጠሚያውን ሲለቅ የልብን ቫልቭ ጎድቶ ሊሄድ ይችላል። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በሽታው ተመልሶ ልቧን እንዳይጎዳ ይጠብቃት ነበር። ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ አጥሯት ዳገት መውጣት ሲያቅታት ግን፣ መንገዷ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ይሆናል፤ እዚያም ወረፋ ይጠብቃታል።

ይኸው ፍርድ እስከ መድኃኒት መደብር ይከተለናል። ያለ ምርመራ «የቁርጥማት» ተብሎ ዳይክሎፌናክ ይገዛል፣ ዴክሳሜታሶን ይወጋል። ሰውየው በማግስቱ ማሳው ላይ ነው፤ ዳንኩ ይላል። ለወራት ሲደጋገም ግን የመጀመሪያው ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሁለተኛው ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም ሕይወት ላይ ይደርሳል።

«ተኝተሽ እረፊ» የሚለውም ምክር ቢሆን ይጎዳል። የማይንቀሳቀስ ጭን ይሳሳል፣ ጉልበትም ደጋፊ ያጣል። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሸክሙን ቀንሳ፣ ከዘራዋን ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጇ ይዛ፣ በየቀኑ ጥቂት ብትራመድ ይሻላታል። መቋሚያ ተደግፎ መቆም በክርስትናው፣ ተቀምጦ መስገድም በእስልምናው ያለ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

የሆስፒታሉ መንገድ ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም የለም የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው። ደሴ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከውጫሌ ደግሞ ይርቃል። የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት በአገሪቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ክትባት የሚያስተምሩትን ያህል ስለዚህም ያስተምሩ፤ ጤና ጣቢያዎችም ያበጠ መገጣጠሚያ ያለውን ሰው በማስታገሻ ብቻ አይሸኙ። መጠየቅ ግን ብር አይጠይቅም። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይይዝሻል? አብጧል? ይሞቃል? ትኩሳት አለሽ? አብሽሪ ካላችሁ በኋላ እነዚህን ጠይቁ። የታመመችው ልጅ ከሆነች ደግሞ መልሱን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።