ስማችንና ስልካችን ከሰሌዳው ይውረድ



ስልክ ገዛን ብለን ነበር፤ ለካ ስልኩ ነው እኛን የገዛን። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያልቃል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል። ልጅ ከዓረብ አገር በኢሞ ደውላ «አልሰማሽም፣ አልሰማሽም» ስንባባል ጥቅሉ ያልቃል። በእኩለ ሌሊት መልእክት ይገባል፤ ሰው ሞተ ብለን ደንግጠን ስንነሳ «ዕድልዎን ይሞክሩ» የሚል ሆኖ ይገኛል። ይህን ሁሉ እያማረርንም ቢሆን እንስቅበታለን። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለማያስቀው ነው።

ባለፈው ወር ለአንዲት የማኅበራችን እናት ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ በስማቸው ጠራቸው፤ የማኅበሩን ስም ጠራ፤ የሦስት ወር ውዝፍ እንዳለባቸውም ነገራቸው። «ውዝፉ ተሰርዞልዎታል፤ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው። እናታችን ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጡ፤ ልጁም አነበበለት። ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቀ፤ እሱንም ነገሩት። ወዲያው ልጃቸው ከሰው አገር ለፍታ የላከችላቸው የሁለት ወር ገንዘብ ተጠርጎ ሄደ።

ሰውየው ይህን ሁሉ ከየት አወቀ? ብለን ስንጠያየቅ መልሱ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ተገኘ። ውዝፍ ያለባቸውን አባላት ከሙሉ ስም፣ ከቤት ቁጥርና ከስልክ ቁጥር ጋር ዘርዝረን የለጠፍነው እኛው ነን። ዱሮ አላፊ አግዳሚው አንብቦት ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። ከዚህ ነው የወሰደው ብለን መማል ባንችልም፣ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ተጽፎ የሚገኝበትን ሌላ ቦታ አናውቅም። ስለዚህ በማንም አናላክክም። እናታችንን ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም ልናውቅ ይገባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ባንኮችም በስልክ ማገልገል ከያዙ ወዲህ፣ ስልካችን ካዝና ሆኗል። ወረፋ ስለቀነሰልን መልካም ነው። ካዝና ግን ቁልፍ አለው። ሌላ ሰው የእናንተን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ አስገብቶ «የኔ ነው» ሲል፣ ድርጅቱ ለማጣራት ወደ እናንተ ስልክ አጭር ቁጥር ይልካል። ያንን ቁጥር ካነበባችሁለት በሩን ከፈታችሁለት ማለት ነው። ቴሌግራምም የሚሰረቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሌባው እናንተን መስሎ ዘመዶቻችሁን «ብር ላኩልኝ» ይላል። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሸጠ ሰው ብሩን ቆጥሮ ወገቡ ላይ ይቋጥራል እንጂ ለመንገደኛው ሁሉ «ይኸው እዚህ ነው ያሰርኩት» አይልም።

አገራችንም ሕግ አውጥታለች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። ነገሩ ባጭሩ ሲነገር፣ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለምን እንደፈለገው ያስታውቅ፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብስብ፣ የያዘውንም በጥንቃቄ ያኑር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ለወር መዋጮ ብለን የመታወቂያ ኮፒ ስንሰበስብ ኖረናል። ለምን? ሲባል መልስ የለንም። በተለይ የፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ተወስዶ የሚሰጥ ነው። የሚስጥር ቁጥር ይቀየራል፣ ሲም ካርድም ይቀየራል፤ አሻራ ግን አይቀየርም። ስለዚህ መታወቂያን ፎቶ አንስቶ ለማያውቁት ሰው መላክ፣ ኮፒውንም ፎቶ ኮፒ ቤት ጥሎ መውጣት ይቅር።

አንዳንድ የኮሚቴ አባላት «ስሙ ካልተለጠፈ ማን ይከፍላል? ሰው የሚከፍለው አፍሮ ነው» ብለዋል። አልተሳሳቱም፤ ዝርዝር በተለጠፈ ሰሞን መዋጮው ይገባል። ነገር ግን መረዳጃ ማኅበር የቆመው የሰውን ገመና ለመሸፈን እንጂ አደባባይ ለማውጣት አይደለም። ያልከፈለውን ቤቱ ሄደን፣ ቡናውን ጠጥተን እንነግረዋለን። እግራችን ይድከም እንጂ የጎረቤት ቤት አይዘረፍ።

በመሆኑም የሚከተለው ተወስኗል፦

1ኛ/ ከዛሬ ጀምሮ በሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው የመዝገብ ቁጥርና የገንዘቡ ልክ ብቻ ነው። ስምና ስልክ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ባለው መዝገብ ይቀመጣል።

2ኛ/ የመታወቂያ ኮፒ የሰጣችሁን ሁሉ መጥታችሁ ፈርማችሁ ውሰዱ። ከእንግዲህ አይተን እንመልሳለን እንጂ አናስቀርም።

3ኛ/ ከማኅበሩ ማንም ሰው በስልክ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የገባ ቁጥር አይጠይቃችሁም። የጠየቀ ካለ ሌባ ነው፤ ዝጉበት።

4ኛ/ ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች መልእክታቸውን የሚያነቡላቸው ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በጽሕፈት ቤቱ ይገኛሉ። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ባለቤቱ ራሱ ይነካል፤ ወጣቱ ፊቱን ያዞራል።

5ኛ/ ገንዘብ የሄደበት ሰው «አፍራለሁ» ብሎ አይደብቅ። ወዲያውኑ ለባንኩ ወይም ለቴሌ በ994 ይደውል፤ ለፖሊስም ያመልክት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል ያስቀጣል።

ይህ ጽሑፍ አማርኛ ለማይሰሙ ወገኖቻችን በሚመጣው ስብሰባ በኦሮምኛ በቃል ይነገራል። ያነበባችሁም ላላነበበው ጎረቤታችሁ ንገሩ። ካፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አንዴ የተነገረ ቁጥር አይመለስም፤ ጎረቤትን ቀድሞ ማስጠንቀቅ ግን በእጃችን ነው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከሚሴ