የጫጫ ወተትና ክፍቱ ሶፍትዌር

ጾም ሲገባ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ወተቱ ግን ካልቀዘቀዘ አያድርም። በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል ባለችው ጫጫ ላም የሚያልብ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ወተት ከታለበ በኋላ ፈጥኖ ወደ 4 ዲግሪ መውረድ አለበት። ሙቀቱን የሚለካ፣ ማማሰያውን የሚያዞር፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ የሚያሳውቅ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ይበቃል። ተዘግቶ የመጣው ሲበላሽ ግን ፕሮግራሙ የፋብሪካው ምስጢር ስለሆነ ጠጋኙ እጁን ያጣጥፋል። መለወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሪቻርድ ባሪ ያወጣው ፍሪአርቶስ ትንንሽ መሣሪያዎች ብዙ ሥራ ይዘው እያንዳንዱን በሰዓቱ እንዲፈጽሙ የሚያደርግ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የተጀመረው ዜፊርም አለ። የሁለቱም ኮድ ክፍት ነው፤ ለንግድ ቢውልም ክፍያ አይጠየቅበትም።

ኮዱ በነፃ ተገኘ ማለት ግን ወጪ የለም ማለት አይደለም። ቺፑ ይገዛል፤ ባለሙያው ይከፈለዋል፤ መሣሪያው ይፈተሻል። ስለዚህ የአካባቢው ወተት ሰብሳቢዎች ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን «ሠርታችሁ አሳዩን» ብለው ይጠይቁ፤ የሙከራውንም ወጪ ይጋሩ። አለበለዚያ ለዓለም የተከፈተው በር ለእኛ እንደተዘጋ ይቀራል።