ዕድገት ማለት ከገጠር መራቅ ነውን?

በግብረ ሰናይ ድርጅት ቤት አንድ ሠራተኛ «አደገ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከፈንታሌ ወይም ከአዳሚ ቱሉ ቀበሌ ወደ ወረዳው ከተማ፣ ከዚያ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ ወደ ውጭ አገር ይሻገራል ማለት ነው። ከገበሬውና ከአርብቶ አደሩ በራቀ ቁጥር ደመወዙ ይጨምራል፤ ስለ እነሱ የሚናገርበት መድረክም ይሰፋል። እኔ ይህን ዕድገት አልለውም፤ ስደት ነው።

አዳማን ተመልከቱ። ከዋና ከተማዋ የምትርቀው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆቴልም ሞልቷታል። ስለዚህ የአውደ ጥናት ከተማ ሆነች። ስለ ገጠር ትምህርት በአዳራሽ ይመከራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል። አንድ ልጅ ከከብትና ከግመል ጥበቃ መልስ በየትኛው ሰዓት ሊማር እንደሚችል የምታውቀው ግን በመተሐራ ዙሪያ ያለችው የከረዩ እናት ናት። እሷ ደግሞ በአዳራሹ የለችም።

አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተባለው ዘዴ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት አጠቃሎ፣ ሰዓቱን ከአካባቢው ኑሮ ጋር አስማምቶ እስከ አርብቶ አደሩ መንደር የዘለቀው በአመቻቾች ትከሻ ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ አመቻቾቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ነበሩ። ለመሆኑ ከእነሱ መካከል ለዋና ሥራ አስኪያጅነት የታጨው ስንቱ ነው?

«ጥፋቱ የሕጉ ነው» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ሲወስን፣ ተከትሎት የመጣው መመሪያ የጉዞና የሥልጠና ወጪዎችን ሳይቀር «አስተዳደር» አላቸው። ገጠር መውረድ ያስቀጣ ነበር። ነገር ግን ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። ሰበቡ ተነሥቷል፤ አለቆቹ ግን ወረዱን?

«ሥራ አስኪያጁ ገጠር ከተቀመጠ ገንዘቡን ማን ያመጣል?» ይሉናል። መልሱ ከአዳማ በባቱና በሻሸመኔ አልፎ፣ በሃላባ በኩል በሚያደርሰው የከምባታ ምድር ይገኛል። ቦጋለች ገብሬ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከተማሩ በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ከፍቅርተ ጋር ኬኤምጂን መሠረቱ። ዓላማቸው የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት ነበር። ሕዝቡ ግን በመጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነው። ድልድዩን አሠሩ፤ ውይይቱም ሥር ሰደደ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጅጉን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀበሉ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው የተጠራው በዚያው በመንደር ሥራቸው ነው። ገንዘቡም ክብሩም ተከትሏቸው ወደ ከምባታ ወረደ እንጂ እነሱን ፍለጋ ከከምባታ አልራቁም።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው። የገጠር ትምህርት ድርጅትን የሚመራ ሰው በቀበሌ ያስተማረ ይሁን። የአመቻች ደመወዝ እዚያው በቆየበት ዓመት ልክ ይደግ። ቦርዱም የሚቀጥለውን ስብሰባ በአዳማ ሆቴል ሳይሆን በቡልቡላ ወይም በመተሐራ ትምህርት ቤት ዛፍ ጥላ ሥር ያድርግ። አበሉ ከቀረበት በኋላ ማን እንደሚመጣ ያኔ እናያለን።