ዱላው ከጨዋታው ሜዳ አይለፍ

እነሆ ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ደርሷል። በገጠሩ ሜዳ ወጣቶች በሁለት ጎራ ተከፍለው፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን ሲያሳድዱ መዋል የቆየ የበዓሉ ወግ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት ጨዋታው የምሥራቹን የሰሙት የቤተልሔም እረኞች በበትራቸው ደስታቸውን የገለጹበት መታሰቢያ ነው። ጨዋታው አንድ የታወቀ ደንብ አለው፤ ይኸውም በዕለቱ ጌታ በሎሌው ዱላ ቢነካ እንኳ መቆጣት የለበትም የሚለው ነው። ይህ ደንብ ከቀልድ ያለፈ ቁም ነገር የያዘ ይመስለኛል። በዓመት አንድ ቀን በሜዳ የምናከብረውን በቀሩት ቀናት በየቤታችን ስለምን አንጠብቀውም?

የሰው ልጅ በወንድሙ ላይ እጁን ማንሣት የጀመረው ከቃየል መሆኑን መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምረናል። ቃየል መሥዋዕቱ ተቀባይነት ባጣ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ፤ ቅንዓትም አደረበት። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ባሳተሙት ሥራ ሰው ወደ ጠብ የሚያመራው የፈለገውን እንዳያገኝ ሲሰናከል ነው የሚል አስተሳሰብ አቅርበው ነበር። ከእነርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን ይህ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ፍላጎቱ የተሰናከለበት ሁሉ አይማታምና። ቃየልም ቢሆን ከመግደሉ በፊት ኃጢአት በደጁ እንዳደባችና ሊገዛት እንደሚገባው ከፈጣሪው ተነግሮት ነበር። በንዴትና በእጅ መካከል ለሰው የተተወ የምርጫ ስፍራ መኖሩን ከዚህ እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ1986 በስፔን ሴቪል ከተማ የተሰበሰቡ የልዩ ልዩ ሙያ ሳይንቲስቶችም፣ ጦርነትም ሆነ ሌላ የኃይል ድርጊት በሰው ተፈጥሮ ውስጥ በዘር የተወሰነ ነው ማለት ከሳይንስ አንጻር ስሕተት መሆኑን በጋራ መግለጫ አስታውቀዋል።

ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። የተቆጣ ሰው ጮኾ፣ ተሳድቦ ወይም ዕቃ ሰብሮ «ይውጣለት» ይባላል። ብራድ ቡሽማን የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት 600 የኮሌጅ ተማሪዎች ሆን ተብሎ እንዲቆጡ ከተደረገ በኋላ፣ ከፊሎቹ ያስቆጣቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲደበድቡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ዝም ብለው እንዲቀመጡ ተደርጓል። የደብዳቢዎቹ ቁጣ በርዶ ሳይሆን ብሶ ተገኘ፤ ዝም ብለው የተቀመጡት ግን ይበልጥ የሰከኑ ነበሩ። እንግዲህ የገና ጨዋታ በሰላም የሚፈጸመው ዱላ መሰንዘር ንዴትን ስለሚያወጣ አይደለም። ሁሉም ሜዳ ከመውረዱ አስቀድሞ ላለመቆጣት ስለተስማማ፣ ይልቁንም ኃይል ያለው ጌታ ራሱን ስለገታ ነው።

ይህ ደንብ በቤት ውስጥ ሲፈርስ የሚጎዱት ኃይል የሌላቸው ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከባሎቻቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይበልጥ የሚያሳዝነው በዚያው ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ብለው መመለሳቸው ነው። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ከልጅነት ጀምሮ ሲታይ ያደገ ነገር ነው። አልበርት ባንዱራ የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ72 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ የተመለከቱ ሕፃናት ያንኑ ድርጊት፣ የተናገረውን ቃል ሳይቀር፣ ደግመው አሳይተዋል። ልጅ ከምንነግረው ይልቅ የምናደርገውን ይማራል።

መጽሐፈ ምሳሌ አባት ልጁን በበትር እንዲቀጣ ይመክር የለምን የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ተግሣጽ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ነገር ግን የእረኛ በትር አውሬ የሚመልስ፣ የባዘነውን በግ ወደ መንጋው የሚያቀና ነው፤ ዳዊትም በዚያ በትር እንደተጽናና ይናገራል። የራሱን በግ እግር የሚሰብር እረኛ ግን እረኛ ሊባል አይገባውም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ አጥብቆ አሳስቧል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ልብ ሲመታ፣ መንጋጋ ሲጠብቅ፣ ድምፅ ሲጎላ ቁጣው እንደመጣ እንወቅ። በዚያች ሰዓት ከስፍራው ገለል ብሎ በእርጋታ መተንፈስ ሽንፈት አይደለም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና። ሁለተኛ፣ መጠጥ ጥንቃቄን የሚያደክም፣ እጅን የሚያፈጥን ስለሆነ ጠላውም ጠጁም በልክ ይሁን፤ የቆየ ቂም በመጠጥ ገበታ ላይ አይነሣ። ሦስተኛ፣ ያጠፋ ልጅ ጥፋቱ ተነግሮት፣ የበደለውን እንዲክስ ይደረግ፤ መልካም ሲሠራም ይመስገን። በመጨረሻም የተጣላ ሁሉ፣ ሐዋርያው እንደመከረው ፀሐይ በቁጣው ላይ ሳትጠልቅ፣ በንስሐ አባቱና በሽማግሌዎች ፊት ይታረቅ። ይሁን እንጂ እርቅ ድብደባን መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በወንጀልነት ደንግጎታል። የምትደበደብ እኅት ታገሺ ተብላ ወደ ዱላው ልትመለስ አይገባም።

ጾም ሥጋንና ቅቤን መተው ብቻ ሳይሆን እጅንና አንደበትንም ከክፉ ማራቅ መሆኑን ቤተ ክርስቲያናችን ስታስተምር ኖራለች። ጾሙ ሲፈታ ይህኛው ጾም አብሮ እንዳይፈታ እንጠንቀቅ። ሁሉን የሚችል አምላክ በበረት ሕፃን ሆኖ ተወልዶ ሳለ፣ በቤታችን ባለ ኃይል ነን የምንል እኛ እጃችንን ብንሰበስብ ምን ይጎድልብናል?

መልካም የልደት በዓል ያድርግልን።