ጎጆው ይቅደም

በብርዱ ወራት በተደረገ አንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ «አዳራሹ ከመሠራቱ በፊት በሚገዛው መሬት ላይ አራት ትንንሽ የጽሞና ጎጆዎች ብናቆምስ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ከጎጆ ለመውጣት ስንት ባሕር ተሻግረን መጣን፤ አንተ መልሰህ ልታስገባን ነው?» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኮርነርስቶን ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ ለቀቀኝ፤ መኪናዬን ጋራዥ አስገብቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ እንደ ልማዴ ግማሽ ሰዓት ያህል በጨለማ ተቀምጬ ቆየሁና።

ይህን የማደርገው እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ዐውቃለሁ። በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ስንቱ ታክሲ ነጂ፣ ስንቱ የመጋዘን የሌሊት ሠራተኛ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት መኪናው ውስጥ ይቀመጣል? ቤት ውስጥ ልጆች፣ ቴሌቪዥንና ስልክ፤ ከታች የቤዝመንት ተከራይ፤ ከላይ አውሮፕላን። የምንጸልይበት፣ የምናለቅስበት፣ ወይም እንዲሁ ዝም ብለን የምንተነፍስበት ክፍል ቶዮታ ካምሪ ሆኖ ቀርቷል። ከጎጆ ወጣን የምንል ሰዎች አራት ጎማ ያለው ጎጆ ውስጥ ነን፤ ያውም መስኮቱ የጋራዥ ግድግዳ የሚያሳይ!

ለመሆኑ ጎጆን የድህነት ምልክት ብቻ ያደረገው ማን ነው? የጎጃም የቅኔ ተማሪ ከጭቃና ከሣር ባበጃት፣ እግር እንደ ልብ በማትዘረጋባት ጎጆ እየኖረ ነው ዋሸራንና ጎንጅን ያስጠራው። ቅኔ ሊቆጥር ሲል ደግሞ ከዚያችም ወጥቶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። የዋልድባ መነኩሴ በዓት የሚገባው ቤት ጠፍቶት አይደለም። ወሎ ውስጥም ሸሁ ለኸልዋ የሚገባባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ሰፊው ሐድራው ነው። እንግዲህ ክርስቲያኑም እስላሙም ነገሩን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ለብዙ ሰው አዳራሽ፣ ለአንድ ሰው ጎጆ። እኛ ስንሰደድ አዳራሹን ብቻ ይዘን መጣን። ለሠርጉና ለለቅሶው አዳራሽ ያስፈልገናል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እናቱን በስልክ የተረዳ ሰው፣ ሦስተኛው ቀን ካለፈና እንግዳው ከተበተነ በኋላ ወዴት ይሂድ?

ፈረንጁም ይህን ያውቀዋል። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1845 እ.ኤ.አ. በዋልደን ኩሬ ዳር የሠራት ቤት 10 በ15 ጫማ ነበረች፤ ወጪዋንም 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ብሎ መዝግቦታል። ቦታዋም ከኮንኮርድ ከተማ በእግር የምትደረስ እንጂ በረሃ አልነበረችም። ዛሬ ግን ይኸው ነገር ሙቅ ገንዳና ኢንተርኔት ተጨምሮበት ይከራያል፤ የአንድ ሌሊት ዋጋውም የቤተሰብ አስቤዛ ይሸፍናል። ባንፍም ቢሆን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሌሊቱን ሠርቶ ያደረን ሰው «ተፈጥሮን ልታይ ከሆነ ይህን ያህል ንዳ» ማለት ቀልድ ነው። ጎጆዋ ከሰፈራችን በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሆን አለባት።

ይሁንና «ጎጆ» ሲባል ክብ ግድግዳና የሣር ክዳን ለፎቶግራፍ እናቁም የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። ከሳቁብኝ ይልቅ እነዚህን እፈራለሁ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ የካልጋሪን ጎጆ የካልጋሪ አየር ይሥራው። አገር ቤት ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ክዳኑ ዝቅ ብሎ ጥላ ይሰጣል። ካልጋሪ ግን 51ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትነሣው። ስለዚህ ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ይሁን፤ ያች ዝቅተኛ ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ትገባለች። ነፋሱ የሚበረታው ከምዕራብና ከሰሜን ስለሆነ በሩ በምሥራቅ ይሁን፤ ይህ ደግሞ ለሚጸልየው ሰው አይከፋውም። በጁን 2020 ሰሜን ምሥራቁን የደበደበውን በረዶ ማን ይረሳል? የቤቶቻችንን የቪኒል ልባስ እንደ ወረቀት ቀዳደደው፤ የመድን ካሣውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። እንግዲያው ልባሱ እንጨት፣ ክዳኑ ወፍራም ቆርቆሮ ይሁን። (ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የዝናብ ድምፅ ለአዲስ አበባ ልጅ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት አልችልም።) ውስጡ 3 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል፤ አንድ መደብ፣ አንድ ሰሌን፣ ጋቢ የሚሰቀልበት ችንካር። ከሰል ግን በፍጹም አይገባባትም፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ይገድላል። ቡናው ቤታችን ይቆየን።

ከጎጆዋም በፊት ዛፉ ይተከል። «እመጓ»ን ያስነበበን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሲራቆት አገር በቀሉ ዛፍ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ ከብት እንዳይገባበትም በየቦታው የድንጋይ ካብ ተክቦለታል። እዚህ ሜዳው ራቁቱን ስለሆነ ዛፉን እኛው እንተክላለን፤ ለነፋስ መከላከያ የሜዳው ገበሬዎች የለመዱትን ካራጋና፣ ከውስጥ አስፐንና ሳስካቱን። ዛፉ እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል፤ አዳራሹ ይቅደም ማለት እነዚያን ዓመታት መጣል ነው።

በስብሰባው ላይ ከተነሡት ተቃውሞዎች አንዱ ብቻ አስጨንቆኛል። አንዲት እኅት፣ «ሴት ልጅ ብቻዋን ሜዳ ላይ ምን ዋስትና አላት?» አለች። ልክ ናት። ስለዚህ ጎጆዎቹ ተጣርቶ በሚሰማበት ርቀት ይሁኑ፤ በሮቹ ከውስጥ የሚቆለፉ ይሁኑ፤ ጠባቂ ይኑር። ገንዘቡን በተመለከተ፣ የአዳራሹ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ብቻ ከአራቱ ጎጆዎች ያነሰ ዋጋ እንደማያወጣ ኮሚቴው አስልቶ ያሳየኝ።

በበኩሌ አልጠበቅሁም። በካልጋሪ ከ10 ካሬ ሜትር የማይበልጥ የጓሮ ቤት የግንባታ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ከአጥር የሚርቅበትንና የመሳሰለውን ደንብ ማክበር ግን ግድ ነው። ስለዚህ ጓሮዬ ያለችውን የዕቃ ቤት የበረዶ ጎማዎቹን አውጥቼ አጸዳኋት፤ ኢንሱሌሽን ከተትሁባት፤ በደቡብ በኩል መስኮት ቀደድሁላት። ባለፈው ቅዳሜ እኒያ የሳቁብኝ አባት ሊጎበኙኝ መጡ። ኮታቸውን እንደለበሱ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወጡ። «መስኮቷ ከፍ ብላለች» አሉኝ፤ «ለተቀመጠ ሰው ሰማይ እንጂ መሬት አታሳይም። አንድ ክንድ ዝቅ አድርጋት።»